የኤሌክትሪክ ጊታሬ ዝዝ ይላል፤ ዘንጉን ልንካው ወይስ ልተወው?

አምባሰል_ማታ
ሰላም ለሁላችሁ። ነሐሴ ላይ የስትራቶካስተር ቅርጽ ያለው ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዛሁ። ክረምቱን ምንም እንከን አልነበረበትም። ከጥቅምት ማብቂያ ወዲህ ግን ዝዝ ማለት ጀምሯል። ሦስቱ ወፍራም ክሮች ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት የብረት መስመሮች) ድረስ ስጫናቸው ብረት ከብረት ጋር የሚፋተግ ዓይነት ድምፅ ያወጣሉ። ከቀጭኑ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛው ክር ደግሞ ስምንተኛው ፍሬት ላይ ብቻ ታንቆ ይሞታል፤ ሰባተኛውም ዘጠነኛውም ላይ ደህና ነው። የሸጠልኝ ሰው ክሮቹን ከፍ አድርጋቸው አለኝ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ አንገቱ ውስጥ ያለውን ዘንግ በብሩጎላ እንዳጠብቀው መከረኝ። ሁለቱም በጣም እርግጠኞች ናቸው፤ እኔ ብቻ ነኝ ግራ የገባኝ። ዘንጉን ልንካው?

ፈጣን_ጣት
ይህን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም። ገላው ላይ ክሮቹን የያዘው ብረት፣ ማለትም ብሪጁ ላይ፣ ክሮቹ የሚያርፉባቸው ስድስት ሳድሎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ሳድል ግራና ቀኝ ጥቃቅን ብሎኖች ታያለህ። በትንሿ ብሩጎላ ሁለቱንም እኩል ግማሽ ዙር አዙራቸው፤ ክሩ ከፍ ይላል። ዝዝታው ካልጠፋ ሌላ ግማሽ ዙር ጨምር። አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ዘንጉን ግን አትንካ፤ ዘንጉ ከተሰበረ አንገቱ አበቃለት።

የእንጨት_ሰው
"ዘንጉን አትንካ" የሚለው ምክር እንደ አዋጅ ተይዟል። ዘንጉ የተሠራው እንዲነካ ነው! የጊታር ፋብሪካው የጊብሰን ሠራተኛ የነበረው ታዴየስ ማክሂው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 የፈጠራ መብት ያገኘበት ነገር ቁም ነገሩ እሱ ነበር፤ አንገቱ በክሮቹ ጉተታ ሲጎብጥ ባለቤቱ በቁልፍ እንዲመልሰው ማስቻል። የሚሰበረው ምክንያቱ ሳይታወቅ በጉልበት ሲጠብቅ ነው። እኛ ደግሞ ምክንያቱን ገና አላወቅንም።

አምባሰል፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትስማቸው። ዝዝታ የሚመጣው ክሩ ሲርገበገብ ከተጫንከው ፍሬት ወዲያ ያለውን ሌላ ፍሬት ሲነካ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የት እንደሚጮህ ነው። ባዶ ክር ስትመታ ብቻ ጮሆ ጣት ሲያርፍበት ዝም ካለ፣ ነገሩ ነት ላይ ነው፤ ክሮቹ በጭንቅላቱ በኩል በሚያርፉበት አጥንት ላይ ያለው ቦይ ከልክ በላይ ጠልቋል ማለት ነው። ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ፍሬት አካባቢ ከሆነ አንገቱ በጣም ቀጥ ብሏል፣ ወይም ጭራሽ ወደ ኋላ ተለጥጧል። ከ12ኛው ወዲያ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ክሮቹ ዝቅ ብለዋል። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቀጣዩ ፍሬት ከጎረቤቶቹ በላይ ብቅ ብሏል።

አንተ የጻፍከው ሁለት የተለያየ ሕመም ይመስለኛል። የወፍራሞቹ ክሮች ጉዳይ የአንገት ነው፤ የሁለተኛው ክር ጉዳይ የዘጠነኛው ፍሬት ነው። ጓደኛህ እንዳለው ዘንጉን ብታጠብቀው ደግሞ አንገቱ ይብስ ቀጥ ይልና የመጀመሪያው ሕመም ይከፋል።

አሁን ለካ። ጊታሩን በትክክል ቃኘውና እንደምትጫወትበት አድርገህ ያዘው፤ ጠረጴዛ ላይ አታጋድመው። ስድስተኛውን ክር በአንድ እጅህ መጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅህ አንገቱ ከገላው ጋር በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫነው። የተወጠረ ክር ቀጥ ያለ ማስመሪያ ነው። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ስስ ክፍተት መኖር አለበት። የስትራቶካስተር ሠሪው ፌንደር 9.5 ኢንች ራዲየስ (ፍሬቶቹ የተተከሉበት ገጽ የጉብታ መጠን) ላለው አንገት የሚመክረው 0.25 ሚሊሜትር ነው። የ010 ክር (010 ማለት የኢንች 10 ሺኛ ነው) ውፍረቱ ያው 0.25 ሚሊሜትር ስለሆነ ቁራጭ ካለህ መለኪያ ይሆንሃል። መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩባቸው ስስ የብረት ቅጠሎችም ይሠራሉ።

ስድስት_ኪሎ
ለመለካት ከመነሣትህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ዝዝታው በአምፕሊፋየሩ ይሰማል? እኔ የምጫወተው ቤዝ ነው፤ ሳይሰካ የሚንጣጣ ሲሰካ ግን እንደ ደወል ጥርት የሚል ቤዝ ብዙ አይቻለሁ። ፒክአፑ (ከክሮቹ ሥር ያለው ባለ ማግኔት ድምፅ ተቀባይ) የሚያነበው የክሩን እንቅስቃሴ ነው፤ ፍሬቱ ላይ የሚሰማው ቅጭልጭልታ በአብዛኛው ወደ እሱ አይደርስም። በአምፕሊፋየሩ ከተሰማ ወይም ድምፁ ቶሎ የሚሞት ከሆነ ግን መስተካከል አለበት። ክር ሳትነካ የሚሰማ ጉርምርምታም ካለ እሱ ከመብራቱ የሚመጣ ነው፤ ከፍሬት ጋር አትደባልቀው።

አምባሰል_ማታ
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ እኅቴ። ሰክቼ ሞከርኩት። ወፍራሞቹ ክሮች በአምፕሊፋየሩ ብዙም አይጮሁም፤ ድምፃቸው ግን ሳይቆይ ይደክማል። ሁለተኛው ክር ስምንተኛው ፍሬት ላይ ተሰክቶም ሳይሰካም ያው ሙት ነው።

የ010 ቁራጭ አልገባ አለኝ። ወረቀት እንኳ አያስገባም፤ ክሩ ፍሬቶቹ ላይ ተኝቷል። እግረ መንገዴን የክሮቹን ከፍታ በብረት ማስመሪያ ለካሁ። 17ኛው ፍሬት ላይ ስድስተኛው ክር ከፍሬቱ አናት ከ1 ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም። ስገዛው እንዲህ ዝቅ ያለ አልነበረም፤ የሳድሎቹን ብሎኖች ደግሞ ማንም አልነካቸውም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ነሐሴ ገዝተኸው ጥቅምት ላይ ከተለወጠ መልሱ የአየሩ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ቤቱ በማሞቂያ መሞቅ ሲጀምር የሁሉም ሰው ጊታር አንድ ላይ ይታመማል። እንጨት እርጥበት ሲያጣ ይኮማተራል፤ ጎብጦ የነበረ አንገት ቀጥ ይላል። አዲስ አበባም ከክረምት ወደ በጋ ስትሻገር አየሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደርቃል። ነሐሴ ላይ የተስተካከለ ጊታር ኅዳር ላይ ሌላ ጊታር ነው።

መዳፍህን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች አንሸራት። የፍሬቶቹ ጫፎች ከቆረቆሩህ እንጨቱ ደርቋል። ጊታሩን ግድግዳ ላይ ከመስቀል ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጠው፤ የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን እንጨቱ ደስ ይለዋል።

የእንጨት_ሰው
ስለ አየሩ ትክክል ነህ፤ ግማሹን መልስ አግኝተኸዋል። ነገር ግን 1 ሚሊሜትር የሚለው ቁጥር አልዋጥልህ አለኝ። ፌንደር 17ኛው ፍሬት ላይ የሚሰጠው ከፍታ 1.6 ነው። ድርቀት አንገት ያንቀሳቅሳል እንጂ ማንም ያልነካውን ብሪጅ እንዲህ ዝቅ አያደርግም። አምባሰል፣ ክር ቀይረሃል?

አምባሰል_ማታ
አዎ፣ መስቀል ሰሞን ቀይሬያለሁ። የነበረበት ከ010 እስከ 046 ነበር፤ ለጣቴ እንዲቀል ብዬ ከ009 እስከ 042 አደረግሁት። ክር ቀጠነ ማለት ዝዝ ይላል ማለት ነው?

ስድስት_ኪሎ
ተገኘ! ጊታርህ የሚወዛወዝ ብሪጅ ያለው፣ ቃናውን ለማወዛወዝ የሚያዝ ማንሻ የሚገባበት ዓይነት ነው አይደል? ብሪጁን ወደ ፊት የሚጎትቱት ክሮቹ ናቸው፤ ወደ ኋላ የሚስቡት ደግሞ በጊታሩ ጀርባ በኩል ያሉት ስፕሪንጎች። ሁለቱ ተመጣጥነው ነው ብሪጁ ከገላው ትንሽ ተነሥቶ የሚቆመው። የመጀመሪያው ክር ከ010 ወደ 009 ሲወርድ በዚያው ቃና ላይ ውጥረቱ በ19 በመቶ ይቀንሳል፤ የሌሎቹም ውጥረት ይቀንሳል። ጉተታው በአንድ ወገን ሲላላ ስፕሪንጎቹ አሸንፈው ብሪጁን ገላው ላይ አስተኝተውታል። ሳድሎቹም አብረው ወርደዋል።

አንገቱም ከዚሁ አላመለጠም፤ ወደ ፊት የሚያጎብጠው ጉተታ ቀንሷል፣ ዘንጉ ግን እንደ ድሮው ጠብቆ ተቀምጧል። ድርቀቱ በዚህ ላይ ተጨምሮበት ነው። የብሪጁን ጀርባ ተመልከትና ንገረን፤ ፌንደር የሚመክረው ከገላው 3.2 ሚሊሜትር እንዲነሣ ነው።

አምባሰል_ማታ
ገላው ላይ ልጥፍ ብሏል። ወረቀት አያስገባም።

ፈጣን_ጣት
ታዲያ መጨረሻው እኔ ያልኩት አይደለም? ብሪጁ ወርዶ ሳድሎቹ ዝቅ ካሉ ሳድሎቹን ከፍ ማድረግ ነዋ። ማታ መድረክ ያለው ሰው የጊታሩን ጀርባ ፈትቶ ስፕሪንግ ሲቆጥር ያመሻል እንዴ?

የእንጨት_ሰው
ማታ መድረክ ካለው አንተ ትክክል ነህ፤ እኔም ያንኑ አደርግ ነበር። አምባሰል ግን ጊዜ አለው። ሳድሎቹን ብቻ ከፍ ካደረገ ቀጥ ባለ አንገት ላይ ክሮቹ ላይኛዎቹ ፍሬቶች ጋ ይርቁታል፣ መጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ ግን ዝዝታው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ማንሻውንም ወደ ላይ መሳብ አይችልም።

ስለዚህ ከብሪጁ ጀምር። የጀርባውን ክዳን በካቻቢቴ ክፈት። ስፕሪንጎቹ የተንጠለጠሉበትን ቆርቆሮ ከእንጨቱ ጋር የያዙት ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ናቸው። ሁለቱንም እኩል ግማሽ ዙር አላላቸው፤ ጊታሩን ቃኘው፣ ብሪጁን እየው፣ ድገመው። ቅኝቱ በየጊዜው ይፈርሳል፤ ይህ አድካሚ ነው፣ ማቋረጫ መንገድ የለውም። ስፕሪንጎቹ አምስት ከሆኑ ለ009 ክር ሦስት ይበቃሉ።

ብሪጁ ከቆመ በኋላ ወደ ዘንጉ ሂድ። የዘንጉን ራስ ፊት ለፊት እያየህ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ሩብ ዙር አላላው። ከሩብ አትለፍ። እንደገና ቃኝ፣ ለካ፣ ከቻልክ አሳድረህ ደግመህ ለካ፤ እንጨት ለመልስ አይቸኩልም። ብሩጎላው ሳይላላ ልክ ገጥሞ መግባት አለበት። በብዙ የእስያ ሠራሽ ጊታሮች 4 ሚሊሜትር ነው፤ አሜሪካ ሠራሽ ፌንደሮች ላይ 1/8 ኢንች ነው። በተጠጋጋ ቁጥር መሞከር የዘንጉን ራስ ያላሽቀዋል፤ ከተሰበረ ዘንግ ይልቅ እኔ ዘንድ የሚመጣው በዚህ የላሸቀው ነው። የሳድሎቹ ከፍታ በመጨረሻ ይስተካከላል፤ ያን ጊዜ የፈጣን ጣትን አምስት ደቂቃ ትጠቀምባታለህ።

በገና_ተማሪ
ስታወሩ እያነበብኩ ፈገግ አልኩ። እናንተ የምታሳድዱትን ድምፅ እኛ ፈልገን ነው የምናመጣው። በገና ላይ በየአውታሩና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ እናስገባለን፤ አውታሩ እስኪያንዘረዝር ድረስ ወደ ፊት ወደ ኋላ እናንቀሳቅሰዋለን። ያ ንዝረት ከሌለ በገናው በገና አይመስልም።

ለጊታራችሁም አንድ ነገር ይጠቅማል። እንዚራ የሚሠራው አውታሩ ከድልድዩ ሲለቅ ሰፊ ለስላሳ ቦታ ላይ እየተነካካ ስለሚሄድ ነው። ባረጀ ሳድል ላይ ክሩ ቦዩን አስፍቶት ከሆነ ጊታርም እንዲህ ያንዘረዝራል፤ ፍሬቶቹ ግን ምንም አላጠፉም። ባዶ ክር ሲመታ ከብሪጁ በኩል የሚያንዘረዝር ድምፅ ከሰማችሁ መጀመሪያ እዚያ ተመልከቱ።

ስድስት_ኪሎ
ይህ አስተያየት ብቻውን ሌላ ውይይት ይገባዋል። ለነት ደግሞ ቀላል ሙከራ አለ። ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና መጀመሪያው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። የወረቀት ውፍረት ያህል ካለ ጥሩ ነው፤ ክሩ ፍሬቱን ከነካ ቦዩ ጠልቋል። በቦዩና በክሩ መካከል ትንሽ ወረቀት አጥፋችሁ ስታስገቡ ዝዝታው ከጠፋ ጥፋተኛው ተረጋግጧል።

አምባሰል_ማታ
ስፕሪንጎቹ አራት ነበሩ፤ አንዱን አውጥቼ ብሎኖቹን አላላሁ። ብሪጁ አሁን ወደ 3 ሚሊሜትር ተነሥቷል። ዘንጉን ሩብ ዙር አላልቼ አሳደርኩት፤ ጠዋት የ010 ቁራጭ ክሩን ሳያነሣ ልክ ገባ። 17ኛው ፍሬት ላይ 1.6 አድርጌዋለሁ። ወፍራሞቹ ክሮች ድምፃቸው ተመለሰ! ሦስተኛው ፍሬት ላይ በኃይል ስመታ ትንሽ ይንጣጣል፤ በአምፕሊፋየሩ ግን አይሰማም።

ሁለተኛው ክር ስምንተኛው ፍሬት ላይ ጋሼ እንዳሉት አልተነቃነቀም። ያው ነው።

ካዛንቺስ_ብሉዝ
ለእሱ መፍትሔው ቀላል ነው። የብርጭቆ ወረቀት ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ለጥፍና ፍሬቶቹን ከላይ እስከ ታች እኩል እስኪሆኑ ድረስ ሞርዳቸው። ቪዲዮ ላይ ሲያደርጉት አይተን የለም?

የእንጨት_ሰው
ለአንድ ፍሬት ብለህ ሃያ አንዱንም ልታስከረክም? የፍሬት ቁመት አዲስ እያለ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የተሞረደው ተመልሶ አይበቅልም። መሞረድ የሚያስፈልገው ጊታር አለ፤ ግን አንገቱ መጀመሪያ ቀጥ መደረግ አለበት፣ የፍሬቶቹ አናት በማርከር መቀባት አለበት፣ ከተሞረዱ በኋላም አናታቸው ጠፍጣፋ እንዳይቀር እያንዳንዳቸው እንደገና መከብከብና መወልወል አለባቸው። ቪዲዮው የሚያሳየው የመጀመሪያውን ክፍል ነው።

አምባሰል፣ መጀመሪያ እርግጠኛ እንሁን። አጭርና ቀጥ ያለ ብረት ፈልግ፤ ካጣህ የባንክ ካርድ ጠርዝም ለመነሻ ይበቃል። በሁለተኛው ክር መስመር ስምንተኛው፣ ዘጠነኛውና አሥረኛው ፍሬት ላይ አንድ ላይ አስቀምጠው። የሚነካው ሦስቱን ብቻ ይሁን። ግራና ቀኝ ቢያነቃንቅ መካከለኛው ከፍ ብሏል። ከዚያ ዘጠነኛው ፍሬት በቀጭን ክሮች በኩል ያለውን ጫፍ ተመልከት፤ ከእንጨቱ ተነሥቶ እንደሆነ ስስ ወረቀት ከሥሩ ይገባል።

አምባሰል_ማታ
ካርዱ ይነቃነቃል። የዘጠነኛው ፍሬት ጫፍም ተነሥቷል፤ ወረቀቱ ከሁለተኛው ክር ሥር እስኪደርስ ድረስ ገባ። በጣት ስጫነው ይወርድና ስለቀው ይመለሳል።

የእንጨት_ሰው
መልካም ዜና ነው፤ ሞረድ አያስፈልግህም። ይህም ከድርቀቱ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ እንጨቱ ሲኮማተር ፍሬቱን የያዘው ቦይ ይላላል።

ክሮቹን አላላቸው። በፍሬቱ ግራና ቀኝ ያለውን እንጨት በቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር ሸፍነው፤ ፒክአፖቹንም ሸፍን፣ የብረት ብናኝ ማግኔቱ ላይ ከተጣበቀ አይለቅም። ከጫፉ ሥር ቀጭኑን ሱፐር ግሉ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ብቻ አስገባ፤ ወፍራሙ ዓይነት አይሰርግም። ወዲያውኑ ጠፍጣፋ ጠንካራ እንጨት ከላይ፣ ለስላሳ ጨርቅ ከአንገቱ ጀርባ አድርገህ በአናጢ ክላምፕ አጥብቀው። ክላምፕ ከሌለህ ከአናጢ ጎረቤት ተዋስ። ሙጫው እስኪደርቅ ተወውና ፕላስተሩን በዝግታ ላጠው። የብረት መዶሻ ግን አደራ፤ ፍሬቱ ላይ የሚቀረው ጠባሳ ከዝዝታው ይብሳል።

ቀጭን_ክር
ከጉዳዩ ሳልወጣ ልጠይቅ። እኛ ለዘፋኟ ድምፅ ብለን ሁሉንም ግማሽ ቃና ዝቅ እናደርጋለን። ያኔ ብቻ የእኔ ይጮሃል። ይህም የዚህ ዓይነት ነው? ወፍራሙ ክር ላይኛዎቹ ፍሬቶች ላይ ደግሞ ይወላውላል፤ ቃናው አንድ ቦታ አይቆምም።

ስድስት_ኪሎ
ነው። ግማሽ ቃና ስትወርዱ ውጥረቱ በ11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ የላላ ክር ሰፋ አድርጎ ይርገበገባል፣ አንገቱም ቀጥ ይላል። ሁልጊዜ ዝቅ ብላችሁ የምትጫወቱ ከሆነ አንድ ደረጃ ወፍራም ክር አድርግና ለዚያ ቅኝት አስተካክለው። አንዳንዴ ብቻ ከሆነ አመታትህን አለዝብ፤ ብዙዎቻችን የክራር አመታት ለምዶብን ክሩን ወደ ፍሬቱ እየገፋን ነው የምንመታው። ወደ ጎን ምታው።

የሚወላውለው ግን ፍሬት አይደለም። ፒክአፑ ቀርቦ ማግኔቱ ክሩን እየሳበው ነው። ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነህ ከፒክአፑ አናት ለካ፤ ለተለመደው ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ በወፍራሙ ክር በኩል 2.4፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊሜትር ጥሩ መነሻ ነው። በካቻቢቴ የሚስተካከል ነው፤ የማትወደው ከሆነ መልሰው።

አምባሰል_ማታ
ፍሬቱ ተቀምጧል። ካርዱ አይነቃነቅም፤ ሁለተኛው ክር ስምንተኛው ፍሬት ላይ እንደ ሌሎቹ ይዘምራል። ክላምፑን ያዋሰኝ አናጢ አሁን የእሱን ጊታር እንዳይለት እየጠየቀኝ ነው፤ ክላሲክ፣ የናይለን ክር፣ ዘንግ የሌለው። እሱንስ እንዴት ላድርገው?

የእንጨት_ሰው
ዘንግ ከሌለው አንገቱን አትነካውም። ነቱንና ብሪጁ ላይ ያለውን አጥንት ብቻ ተመልከት። 12ኛው ፍሬት ላይ ስድስተኛው ክር 4፣ የመጀመሪያው 3 ሚሊሜትር ከሆነ ለክላሲክ ጤነኛ ነው፤ ናይለን ከብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ በታች ሆኖ የሚጮህ ከሆነ አጥንቱን አውጣና ከሥሩ ስስ የእንጨት ልጣጭ አስገባ። አናጢ አይደል፣ ልጣጩን ራሱ ያዘጋጅ።

ፈጣን_ጣት
አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።